ቺለር ከቤት ሆኖ ስለማስነሳት ለጠየቅሽው እህት፦ ሶኬቱን ተዪው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። «የሮታቫፖራችን ቺለር እስኪቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብናል፤ ጠዋት ስንገባ ቀዝቅዞ እንዲጠብቀን በታይመር ወይም በስልክ ማስነሳት ይቻላል ወይ?» ነው ያልሽው። (ለማያውቅ አንባቢ፦ ሮታቫፖር ፈሳሽን በቫኪዩም አትንኖ የሚለይ የቤተ ሙከራ መሣሪያ ነው፤ ቺለሩ እንፋሎቱን መልሶ ፈሳሽ የሚያደርገውን ውሃ እያቀዘቀዘ ያዞርለታል።) ከሥር የመለሱልሽ ሰዎች «የዋይፋይ ሶኬት ገዝተሽ ሰኪበት፣ አለቀ» ብለውሻል። እኔ እሱኑ አድርጌ የዩኒቨርሲቲያችንን ቺለር ኮምፕሬሰር ያቃጠልኩ ሰው ነኝ። እባክሽ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ምንም አትግዢ። በቤተ ሙከራ ቴክኒሻንነት 14 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ቺለራችን የሥራ ቀን በሆነ ቁጥር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ራሱ ይነሳል፤ ተማሪዎቹ ሲገቡ 10 ዲግሪ ላይ ያገኙታል። ስለዚህ ይቻላል። መንገዱ ግን ሌላ ነው።

1. መጀመሪያ አንድ ሰዓት ተኩል ለምን እንደሚፈጅ እወቂ። የሚዞረው ውሃ 20 ሊትር ነው እንበል፤ ከ25 ወደ 10 ዲግሪ ለማውረድ 1,250 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ማውጣት ነው። የማቀዝቀዝ አቅሙ 1 ኪሎ ዋት ከሆነ 21 ደቂቃ ይበቃዋል። እርግጥ ካታሎጉ ላይ በትልቁ የሚጻፈው አቅም ፈሳሹ 20 ዲግሪ ላይ ሆኖ የተለካ ነው፤ ወደ 10 እና ወደ 5 ስትወርጂ እየቀነሰ ይሄዳል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ኮንደንሰር (የቺለሩን ሙቀት ወደ ውጭ የሚጥለው ክፍል) እዚህ የፋብሪካውን ያህል ሙቀት አይጥልም። ሁሉንም ብትደምሪው ግን አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። የእኛም እንደዚያው ይንቀረፈፍ ነበር። የጀርባውን ፍርግርግ ፈትተን ብናየው የኮንደንሰሩ ክንፎች መሀል የተጋገረው አቧራ ብርድ ልብስ ያህላል። በለስላሳ ብሩሽ ጠርገን ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ስናርቀው ወደ 45 ደቂቃ ወረደ። አንድ ሳንቲም አላወጣንበትም። የእናንተንም ዛሬውኑ ክፈቱና እዩት።

ሌላው፣ ስንት ዲግሪ ላይ ነው የምታስተካክሉት? የሮታቫፖር ደንብ ይታወቃል፤ የማሞቂያው ውሃ 50፣ እንፋሎቱ 30፣ ማቀዝቀዣው 10 ነው፣ በየመሀሉ 20 ዲግሪ። ከእኛ ተማሪዎች አንዳንዶቹ 2 ዲግሪ ላይ አድርገውት ይሄዱ ነበር። ንጹሕ ውሃ ይዞ 2 ዲግሪ ላይ የሚሠራ ቺለር፣ ያውም ሰው በሌለበት ሌሊት፣ ውስጡ በረዶ ሊሠራ ይችላል። ከ5 በታች የግድ ካስፈለጋችሁ ግላይኮል (ውሃው በረዶ እንዳይሠራ የሚከለክል ፈሳሽ) ጨምሩ፤ ካልሆነ 10 ላይ ተዉት።

2. ከሶኬት ቆርጦ መልሶ መስጠት ቺለር ማስነሳት አይደለም። ብዙው ዲጂታል ቺለር መብራት ሄዶ ሲመጣ ስክሪኑ ይበራል እንጂ ፓምፑም ኮምፕሬሰሩም አይነሱም። ቁልፉን እስክትጫኚ ይጠብቃል። ብልሽት እንዳይመስልሽ። ናሙር የሚባለው መቀመጫው ጀርመን የሆነ የአውቶሜሽን ተጠቃሚዎች ማኅበር ምክር ስላለ ነው፤ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ መሣሪያው ደኅንነቱ በተጠበቀ ሁኔታ ቆሞ ሰው ይጠብቅ ይላል። ዩላቦ የሚባለው የቺለር አምራች መመሪያ ይህንን በግልጽ ጽፎ «ኦቶስታርት» (መብራት ሲመለስ ራሱ መነሳት) የሚለውን ምርጫ አጥፍቶ ነው የሚልክልሽ። ሜኑ ውስጥ ገብተሽ ልታበሪው ትችያለሽ። እኔም ያበራሁት እንደዚያ ነው። ጥፋቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

2014 ዓ.ም፣ ሐምሌ። የእኛ ቺለር የቆየ ስለነበረ በውስጡ ኮምፕሬሰሩን የሚያዘገይ ነገር አልነበረውም። ኦቶስታርቱን አበራሁ፣ 16 አምፔር የተጻፈበት የዋይፋይ ሶኬት ገዝቼ ሰካሁበት፣ ስልኬ ላይ ሰዓቱን ሞላሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥሩ ሠራ። ከዚያ አንድ ሌሊት ዝናብና መብረቅ ሆነ፤ መብራት ሄድ መለስ ይል ጀመር። ቤቴ ከግቢው ብዙም ስለማይርቅ የእኔም ቤት አብሮ ይጠፋል ይበራል። ፈራሁና ከአልጋዬ ሆኜ ስልኬ ላይ አጠፋሁት። «ጠፍቷል» አለኝ። አምኜ ተኛሁ።

አልጠፋም ነበር። ያ 16 አምፔር ለምድጃ የሚሆን ቁጥር ነው። ኮምፕሬሰር ሞተር ነው፤ ሲነሳ ለአፍታ ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ይስባል። በሁለት ሳምንቱ መነሳት የሶኬቱ ውስጥ ሪሌይ (ኃይሉን የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ክፍል) ጥርሶች ተበያይደው ነበር። ስልኬ የነገረኝ እኔ ያዘዝኩትን ነው እንጂ ቺለሩ የሚያደርገውን አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ኮምፕሬሰሩ እንደገና ለመነሳት ሲታገል አደረ። ኮምፕሬሰር አንዴ ከቆመ በኋላ የሁለቱ ወገን ግፊት እስኪተካከል ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ኃይል ከሰጠሽው ሞተሩ ሳይዞር ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ የሙቀት መከላከያው ይቆርጠዋል፣ በረድ ሲል እንደገና ይሞክራል። ንጋት ላይ የሞተሩ ጥቅልል ሽቦ ተቃጥሎ ነበር።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አንዷ የማስተርስ ተማሪ ደውላ «ቺለሩ በርቷል ወይ?» አለችኝ። ስልኬን አይቼ «አዎ፣ ከንጋት ጀምሮ በርቷል፣ ግቢና ሥሪ» አልኳት። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይህ ነው። ፓምፑ ደህና ስለነበረ ውሃው በሮታቫፖሩ የመስታወት ጥቅልል ሲዞር አየች፤ ቀዝቃዛ መሰላት። የምታተንነው ኢታይል አሲቴት የሚባል ፈሳሽ እንፋሎት ያንን ጥቅልል ሳይቀዘቅዝ አልፎ በቫኪዩም ፓምፑ በኩል ክፍሉ ውስጥ ገባ። በእሳት የሚያያዝ ነገር ነው። ራስ ምታት ይዟት ወጣች፤ እግዚአብሔር ይመስገን ከዚያ የከፋ አልደረሰም።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ጣጣ አንቺ እንዳታዪው ነው የምጽፍልሽ። የተቋሜን ስም አልጠራም። የንብረት ክፍሉ በሳምንቱ «በቸልተኝነት በመንግሥት ንብረት ላይ ጉዳት አድርሰሃል፣ በጽሑፍ መልስ ስጥ» የሚል ደብዳቤ ሰጠኝ። ጥፋቴን አምኜ፣ ምክንያቱን አስረድቼ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ማንም አላነበበውም። ኮምፕሬሰር እንዲገዛ ሞዴል 20 ሞልቼ አስፈርሜ ሳቀርብ ግዢ ክፍል ያሉት ሰውዬ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርገው «ይሄ ፍሪጅ አይደል እንዴ? ለፍሪጅ ነው ይህን ሁሉ የምትመላለሰው?» አሉኝ፤ ያውም ተማሪዎች ቆመው እየሰሙ። ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ አሉኝ። ያንን ዓይነት ኮምፕሬሰር የሚያቀርብ ሁለት ብቻ ነው ያገኘሁት፤ «ሦስት ካልሆነ አይታይም» ተባልኩ። ሰባት ወር ፈጀ። ሰባት ወር ሙሉ ተማሪዎቹ በበረዶና በባልዲ ውሃ ነበር የሚሠሩት። አንዲት ፊርማ እንኳ ያለ ምልልስ አላገኘሁም።

ጥገናውን የሠራልን የሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ የሚጠግን ልጅ ነው። ኮምፕሬሰሩን ቀይሮ፣ መስመሩን በደንብ ቫኪዩም አድርጎ፣ ጋዙን በሚዛን ሞላልን። የሆነውን ስነግረው «ጋሼ፣ እኛ ለሥጋ ቤት እንኳ ዲሌይ ሳናስገባ አንሰጥም» አለኝ፤ ዲሌይ ማለት መብራት ሲመጣ ኃይሉን አዘግይቶ የሚሰጥ ነው። ያን ቀን ነው የገባኝ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ያን ሁሉ ዓመት ያልሰማሁትን ከእሱ ተማርኩ።

ስለዚህ 3. መጀመሪያ የቮልቴጅ መከላከያ በዲሌይ አስገቢ። የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው። የእኛ ከ185 ቮልት በታችና ከ250 በላይ ይቆርጣል፤ መብራት ከመጣ በኋላ ደግሞ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አይሰጥም። ኃይሉን የሚያስተላልፈው ለሞተር የተሠራ ኮንታክተር (ትልቅ ሪሌይ) ይሁን፤ ሰውነቱ ላይ «ኤሲ 3» ከሚለው ጎን ያለውን አምፔር ነው የምታዪው፣ ትልቁን ቁጥር አይደለም። በግቢያችሁ ኤሌክትሪሻን እጅ ይሠራ፤ አንቺ አትግቢበት።

ከዚያ ቺለሩን በራሱ በር አንኳኪ። ሜኑውን እስከ መጨረሻው እዪ፣ አንዳንዶቹ የራሳቸው ታይመር አላቸው፤ ካለው ሌላ ምንም አያስፈልግሽም። ከሌለው ጀርባው ላይ ለውጭ መቆጣጠሪያ የተተወ ሶኬት ሊኖር ይችላል። ብዙ ጊዜ ሁለት ሽቦ ሲገናኙ ይነሳል፣ ሲለያዩ ይቆማል። እዚያ ላይ ባዶ ኮንታክት (የራሱ ኃይል የሌለው) ብቻ ነው የሚገናኘው፤ 220 ከነካው ቦርዱ ወዲያው ይሄዳል። ታይመር ስትገዢ ኮንታክቱ ከኃይሉ የተለየ መሆኑን ጠይቂ።

ታይመሩን ስትሞሊ ሰዓቱ የፈረንጅ መሆኑን አትርሺ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ማለት 05:30 ነው። ባልደረባዬ 11:30 ብሎ ሞልቶት ቺለሩ ረፋድ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ፤ እኛ ግን ታይመሩ ተበላሽቷል ብለን ሦስት ቀን ስንፈታታ ከረምን። አሁን ታይመሩ ላይ ሁለቱንም ሰዓት ጽፌ ለጥፌያለሁ።

በስልክ ካልሆነ ካልሽ የእኛን ልንገርሽ። ቺለሩ የአርኤስ 232 መውጫ (የድሮ የኮምፒውተር ገመድ መሰኪያ) ነበረው። ትንሽ ራስፕበሪ ፓይ ኮምፒውተር በዩኤስቢ መቀየሪያ አገናኘሁበት። ሁለት ቦታ ነው የሚያደክምሽ፤ አንደኛ ገመዱ፣ አንዳንዱ 2 እና 3 ቁጥር ፒኖቹ የተሻገሩበትን ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ቀጥታውን። ሁለተኛ ቺለሩ ሜኑ ላይ «ሪሞት» ካልተደረገ የመነሻ ትዕዛዝሽን አይቀበልም። እኔ አንድ ሙሉ ቅዳሜ በዚህ ነው ያለቀብኝ። ደግሞ የድሮዎቹ ራስፕበሪዎች የራሳቸው ባትሪ ያለው ሰዓት የላቸውም፤ መብራት ጠፍቶ ኢንተርኔት ሳይኖር ከተነሱ ሰዓታቸው ይሳሳታል። ዲኤስ 3231 የምትባል የሰዓት ሞጁል ጨምሪበት።

የአይሲቲ ክፍሉን ከውጭ መግቢያ እንዲከፍቱልኝ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መልስ አልሰጡኝም። በኋላ ሳስበው አለመስጠታቸው ለእኔ በጀ፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ ለኢንተርኔት ክፍት መሆን የለበትም። በቴሌግራም ቦት ሠራሁት። ቦቱ ራሱ ወደ ውጭ ሄዶ መልእክት ስለሚጠይቅ የሚከፈት በር የለም፤ ሲም ባለው ራውተር ይሠራል። የሚታዘዘው ለሦስት ሰው ብቻ ነው። ኦቶስታርቱን አጥፍቼዋለሁ። መብራት ከተመለሰ ፓይው አሥር ደቂቃ ጠብቆ፣ የሥራ ሰዓት ከሆነ ብቻ ያስነሳዋል።

4 ላይ ልጽፍልሽ የነበረው ስለ ማረጋገጥ ነው፤ ከላይ የተረኩልሽ ሌሊት ሁሉ ከዚህ ነው የመጣው። «በርቷል» የሚል ቃል አትመኚ፣ ዲግሪ ጠይቂ። ከሮታቫፖሩ በሚመለሰው ቱቦ ላይ ለብቻዋ የሆነች የሙቀት መለኪያ አስሬያለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቦቱ ቁጥሩን ለሁላችንም ይልካል፤ ከ12 ዲግሪ በላይ ከሆነ «ሮታቫፖር አትጀምሩ» ብሎ ይጽፋል። ባለፈው ኅዳር አንድ ጠዋት 19 ዲግሪ ብሎ ላከ፤ ኮንደንሰሩ እንደገና በአቧራ ተደፍኖ ነበር። ማንም ሳይጎዳ ታወቀ። ያቺ ተማሪ አሁን አስተማሪ ሆናለች፤ መልእክቱ ለእሷም ይደርሳል።

ማታ የመጨረሻ የሚወጣው ሰው የውሃውን መጠንና የቱቦ ማሰሪያዎቹን አይቶ ይፈርማል። የሮታቫፖሩን ማሞቂያ ደግሞ ከሶኬት ይነቅላል፤ በርቀት የሚነሳው ቺለሩ ብቻ ነው፣ ማሞቂያ ፈጽሞ አይታሰብም። በክረምት ቀዝቃዛው ቱቦ ያልበዋል፣ ጠብታው ደግሞ ወለል ላይ ወዳለው ማራዘሚያ ይወርዳል፤ ቱቦውን በስፖንጅ ጠቅልሉት፣ ማራዘሚያውን ከወለል አንሱት።

የቺለሩን የስም ሰሌዳና የጀርባውን መውጫዎች ጥርት ባለ ፎቶ እዚሁ ላኪልኝ። ማሳያው ላይ «ሪሞት» የሚል ምርጫ ካለም ጨምረሽ ጻፊ። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ አየዋለሁ፣ የትኛው ፒን ከየትኛው እንደሚገናኝ እጽፍልሻለሁ።