ካቴናው የሚጮኸው ላልቶ ሳይሆን ደርቆ እንዳይሆን

ጠያቂ ወንድማችን፣ ሞተርዎ በታጠበ ማግስት ካቴናው እንደሚጮህና የፍሪሲዮኑ እጀታ (ማርሽ ሲቀየር በግራ እጅ የሚጨበጠው) እንደሚከብድ ገልጸው፣ ምን ዘይት እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔ በመሥሪያ ቤት ሞተር ከጅማ ወደ አጋሮና ወደ ሰቃ ስመላለስ ስድስት ክረምት ስላሳለፍኩ፣ የእርስዎም መንገድ ያው ቀይ ጭቃ እንደሚሆን ገምቼ የደረሰብኝን ልንገርዎ።

1. ጋራዥ ደጃፍ የሚቀመጠውን የተቃጠለ ዘይት በነፃ ቢሰጡዎትም አይቀቡ፤ ጥላሸትና የብረት ብናኝ ስላለበት ያለሰለሰ እየመሰለ ካቴናውን ይሞርደዋል። 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት ይበቃል። በነጭ ጋዝ አጥበው ካደረቁ በኋላ፣ ማታ ካቴናው ገና ሳይቀዘቅዝ፣ ጎማውን በእጅ እያዞሩ በውስጠኛው በኩል ያንጠባጥቡና ያሳድሩት። ሞተሩን አስነስቶ በማርሽ እያዞሩ መጥረግ ጣት ያስቆርጣል። የጎማ ቀለበት ያለው ካቴና ከሆነ ቤንዚንና የሽቦ ብሩሽ አያስጠጉት።

2. ውጥረቱ። እኔ ዋጋ የከፈልኩት እዚህ ላይ ነው። አንድ ሐምሌ ካቴናዬ ሲጮህ ላልቷል ብዬ ለመካኒክ ሰጠሁት፤ እርሱም ሳይመረምር እንደ ክራር ወጠረው። ድምፁ ለሁለት ቀን ጠፋ፤ እኔም መካኒኩን ለባልደረቦቼ ሁሉ አመሰገንኩት። ለካ የጮኸው ደርቆ ነው። ሰው ሲቀመጥበትና ጉድጓድ ሲገባ ካቴናው ይበልጥ ስለሚወጠር፣ ከታች መካከሉ ላይ በጣት ሲነሳ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር መጫወት አለበት፤ የእርስዎ ሞተር ትክክለኛ ልክ መመሪያው ላይ አለ። የእኔ ግን ጨዋታ ስላልነበረው፣ ወር ሳይሞላ አጋሮ መግቢያ ላይ የኋላ ጎማዬ ኩሽኔታ ተሰባበረና ሞተሩን በአይሱዙ ጭኜ ተመለስኩ።

ካቴናውና እሱ የሚዞርባቸው የፊትና የኋላ ጥርሶችም አልቀው ነበር። ንብረት ክፍል ስሄድ ግን፣ የሞላሁት ቅጽ ላይ «ካቴና» ብቻ ስለተጻፈ፣ ጥርሶቹን ከፈለግሁ አዲስ ጥያቄና ሦስት ፕሮፎርማ እንዳመጣ ተነገረኝ። አብረው ካልተቀየሩ ያረጀው ጥርስ አዲሱን ካቴና እንደሚበላው ባስረዳም፣ ኃላፊው «ሞተሩ የተሰጠህ ልትነዳው ነው፣ መካኒክ ልትሆን አይደለም» ብሎ መስኮቱን ዘጋብኝ። አዲሱ ካቴና ሦስት ወር ሳይሞላው አለቀ፤ ዋጋው ከደመወዜ ተቆረጠ። እርስዎ ቅጹ ላይ «ካቴና ከፊትና ከኋላ ጥርሱ ጋር» ብለው ይጻፉ።

እጀታውን በተመለከተ፣ ቡሎኑን ፈትተው ጭቃውን ከጠረጉ በኋላ ጥቂት ግራሶ ይቀቡት። ከእጀታው ወደ ፍሪሲዮኑ የሚሄደውን ሽቦ፣ ካቦውን፣ ከላይ ነቅለው ጫፉ ላይ ፌስታል እንደ ማንቆርቆሪያ አስረው ቀጭን ዘይት ቢያሳድሩበት ይለሰልሳል፤ ሲመልሱት እጀታው ጫፉ ላይ ከ1 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ባዶ ጨዋታ ይኑረው፣ አለዚያ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። ዘይቱ የፍሬን ሸራ እንዳይነካ ይጠንቀቁ።

የአሁኑ ካቴናዬ ሁለት ክረምት ተሻግሯል። ባለፈው ሳምንት ያው የንብረት ክፍል ኃላፊ የራሱን ሞተር ይዞ መጥቶ ካቴናው እንደሚጮህ ነገረኝ። ያለ ሦስት ፕሮፎርማ አላይም አልኩት። ከሳቅን በኋላ ግን አየሁለት፤ እንደ ክራር ተወጥሮ ነበር።