ለጀማሪ የሚሆን የጌም መሪና ፔዳል፦ የድሬና የሐረር ልጆች ጠይቀው

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ጌም ቤት አለኝ። መሪ አልሸጥም፤ እጠግናለሁ እንጂ። ስለ መሪና ፔዳል የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ የተጠየቅኩትን ሰብስቤ እዚሁ ልመልስ።

ታይዋን ገበያ ርካሽ መሪ አየሁ። «ይንቀጠቀጣል» አሉኝ። ልግዛው? (ከሳቢያን)

አቦ ተው! መንቀጥቀጥና ፎርስ ፊድባክ ለየቅል ናቸው። የሚንቀጠቀጠው ውስጡ ያለው የጆይስቲክ ዓይነት ትንሽ ሞተር ነው፤ መሪውን ወደ መሃል የሚመልሰው ላስቲክ ወይም ስፕሪንግ ነው። ፎርስ ፊድባክ ያለው መሪ ግን በሞተር ኃይል እጅህን ይታገልሃል። የፊት ጎማ መንሸራተት ሲጀምር መሪው ድንገት ይቀልልሃል፤ ያኔ ነዳጁን ትለቃለህ። በላስቲኩ መሪ ግን መኪናው መስመር መሳቱን የምታውቀው አጥር ከገጨህ በኋላ ነው። በዚያው ብር ያገለገለ ደህና መሪ ፈልግ።

ሎጂቴክ ጂ29 ወይስ ጂ920?

ባለህ ማሽን ይወሰናል። ሁለቱም በ2015 የወጡ ናቸው፤ ሆዳቸውም አንድ ነው። ጂ29 ለፕሌይስቴሽን፣ ጂ920 ለኤክስቦክስ። ኮምፒውተር ላይ ሁለቱም ይሠራሉ። 900 ዲግሪ ይዞራሉ፣ ማለትም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ዙር ተኩል። ፔዳላቸው ሦስት ነው። የትረስትማስተር ቲ150 1080 ዲግሪ ይዞራል፤ ግን አብሮት የሚመጣው ፔዳል ሁለት ብቻ ነው፣ ፍሪሲዮን የለውም። የሎጂቴክን አሮጌ ጂ27 በቅናሽ ካገኘህ ለኮምፒውተር አሪፍ ነው። ለፕሌይስቴሽን 4 ብለህ ግን እንዳትገዛው።

ያገለገለ ስገዛ ምኑን ልይ?

በመጀመሪያ አዳፕተሩ አብሮ መኖሩን። ያለ አዳፕተር መሪው አይታገልም። ከዚያ መብራትና ዩኤስቢ ስካለት። ማንም ሳይነካው ራሱ ግራ ቀኝ ዞሮ መሃል ላይ መቆም አለበት። ካልዞረ፣ ወይም እየዞረ ጥርስ የሚዘል ድምፅ ካሰማ፣ «አመሰግናለሁ» ብለህ ውጣ። ቀጥሎ ፔዳሎቹን አንድ በአንድ ቀስ ብለህ እየረገጥክ ዊንዶውስ የጌም መቆጣጠሪያ መፈተሻ ላይ የፔዳሉን መስመር ተመልከት። እግርህ ሳይንቀሳቀስ መስመሩ የሚዘል ከሆነ ውስጡ ያለው ፖቴንሽዮሜትር (የፔዳሉን እንቅስቃሴ የሚለካው ዕቃ) አቧራ በልቷል። የድሬ አቧራ ሥራው ነው! አብሽር፣ ይህኛው ብዙ ጊዜ በኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ) ይጸዳል፤ ዋጋ ለማስቀነስም ጥሩ ምክንያት ነው።

የጂ29 ፍሬን ደረቀብኝ። ውስጡ ጎማ አለ አሉ፤ አውጥቼ ልጣለው?

አትጣለው። ፔዳሉ የሚለካው እግርህ የሄደበትን ርቀት ነው። እግር ደግሞ ከርቀት ይልቅ ግፊትን ያስታውሳል። ያ ጎማ የገባው ለዚያ ነው። በጆይስቲክ የለመደ ሰው ፍሬንን እንደ መብራት ማብሪያ ይጠቀማል፣ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። አንድ ኩርባ ምረጥና እሱን ብቻ ደጋግመው። ገና ቀጥታው ላይ እያለህ ጠንክረህ ርገጥ፤ መሪውን እያዞርክ ስትገባ ቀስ በቀስ ልቀቅ። መሪ በመግዛት ብቻ ዙር የምትጨርስበት ሰዓት የሚሻሻል መስሎህ ከሆነ፣ ሰዓቱ የሚሻሻለው እዚህ ፔዳል ላይ ነው።

ልጄ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ነው። ይህ ነገር ይረዳዋል? (አንድ አባት፣ ከሐረር)

ጋሼ፣ በከፊል። መሪ አያያዝና መስታወት የማየት ልማድ ይሰጠዋል፤ ለዚህ «ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2» ጥሩ ነው፣ ደካማ ኮምፒውተርም ይችለዋል። ፍሪሲዮን ግን አያስተምረውም። ከፔዳሉ ሥር ያለው ስፕሪንግ ብቻ ስለሆነ ሞተሩ የሚይዝበት ቦታ እግሩ ላይ አይሰማውም። የደንገጎን ቁልቁለት ደግሞ ከመምህሩ ጋር ይውረድ።

ጠረጴዛዬ ይነቃነቃል፤ ፍሬን ስረግጥ ወንበሬም ወደ ኋላ ይሸሻል።

ወንበሩ ባለ ጎማ ነዋ! ተራ ወንበር አምጥተህ ግድግዳ አስደግፈው። ጠረጴዛው ካልጠነከረ ብየዳ ቤት ሄደህ ከቱቦላሬ ማቆሚያ አሠራ። ፔዳሉ የሚታሰርበትን ብረት ከወንበሩ ጋር አብረው ይበይዱልህ፤ ያኔ ሁለቱም አይላቀቁም።

ዳይሬክት ድራይቭ ልግዛ?

ዳይሬክት ድራይቭ ማለት መሪው ያለ ጥርስና ያለ ቺንጊያ በቀጥታ ሞተሩ ላይ የታሰረበት ነው። ብሩ ካለህ ማን ይከለክልሃል። የሞዛ አር5 ጉልበት 5.5 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ኃይል መለኪያ) ነው፤ ጂ29 ወደ 2 ገደማ። ለመጀመሪያው ዓመት ግን የዋጋውን ልዩነት ፍሬን ላይ ብታውለው ይሻላል ባይ ነኝ።

ሌሊት ስጫወት እናቴ በድምፁ ትነቃለች።

ጂ29 የሚሠራው በጥርስ ስለሆነ መንገጫገጩ አይቀርም። እንደ ትረስትማስተር ቲ300 ያለ በቺንጊያ የሚሠራ ጸጥ ይላል። መሪ መቀየር ካልቻልክ ጌሙ ውስጥ ፎርሱን ቀንስ፤ ከጠረጴዛው ሥር ወፈር ያለ ምንጣፍ አንጥፍ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሆነ ግን እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።