ቺንጋው ሳይበጠስ ልቀይረው ወይስ ልጠብቀው? ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። በአንድ መስመር የሚያልቅ ስላልሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ያላያችሁት እንድትከታተሉ ባጭሩ ነገሩ ይሄ ነው። ጠያቂያችን እዚሁ ጎንደር 5ኤል ሞተር ያላት ዶልፊን ገዝቷል። መካኒኩ የታይሚንግ ቺንጋው (የሞተሩን ክፍሎች በጊዜያቸው የሚያንቀሳቅሰው የጎማ ቀበቶ) ይቀየር ይለዋል። የሸጠለት ሰው ደግሞ "እየሠራ ያለ ነገር አትነካካ" ብሎታል። ጀርመን ያለው ወንድሙም የ2002 ሞዴል ፖርሽ ቦክስተር አለው። እሱንም ሞተሩ ውስጥ ያለችውን አንድ ኩሽኔታ (ዘንግ የሚዞርባት ቤሪንግ) ሳትሰበር ካልቀየርክ ሞተሩ ያልቃል እያሉ እንቅልፍ ነስተውታል። ጥያቄው እንግዲህ፣ ያልተበላሸ ነገር ላይ ብር ማፍሰስ ጥንቃቄ ነው ወይስ ለጋራዥ ሲሳይ መሆን ነው?

መልሴን ላስቀድም። ያንተን ቀይር፣ ረጅም መንገድ ከመውጣትህ በፊት። የወንድምህ ደግሞ ፍሪሲዮን (ክላች) እስኪያስቀይር ሊጠብቅ ይችላል፣ የዘይት ፊልትሮው ንጹሕ ከሆነ። ሁለቱን የምለየው በስሜት አይደለም፣ ምክንያት አለኝ።

እኔ ሚኒባስ ላይ ነው የኖርኩት። መጀመሪያ ረዳት፣ ከዚያ ሾፌር፣ አሁን የራሴን መኪና ይዤ ደባርቅና ባሕር ዳር እመላለሳለሁ። ብዙ ሰው አንድ ዕቃ ይቀየር አይቀየር ሲል የሚጠይቀው "ይበላሻል ወይ?" ብሎ ነው። ሁሉም ነገር አንድ ቀን ይበላሻል። መጠየቅ ያለበት ሲበላሽ ምን ይዞ ይሄዳል፣ ደግሞስ አስጠንቅቆ ነው ወይስ በድንገት የሚለው ነው። የዲናሞ ኩሽኔታ ሲያልቅ ይጮኻል። የፍሬን ሸራ ሲሳሳ ይፋጫል። ራዲያተር ሲያፈስ ጠዋት መሬቱ ላይ ታየዋለህ። እነዚህን ጠብቀህ ብትቀይር ምንም አይደለም፣ እኔም እጠብቃለሁ። የታይሚንግ ቺንጋ ግን ድምፅ የለውም። ሽፋኑ ውስጥ ተደብቆ ይሠራል፣ አንድ ቀን ጥርሱ ይላጣል ወይ ይበጠሳል፣ በቃ።

ያንተ 5ኤል 2986 ሲሲ ናፍጣ ሞተር ነው። 2ኤል እና 3ኤልም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፣ ሦስቱም ቺንጋ ነው ያላቸው። ያ ቺንጋ ካም ሻፍቱንም (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የናፍጣውን ፖምፓም አንድ ላይ ያዞራል። የናፍጣ ሞተር አየሩን ወደ 22 እጥፍ ጨምቆ ነው የሚያቀጣጥለው፤ ስለዚህ ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ሲደርስ ከቴስታታው (ቫልቮቹ ካሉበት የሞተሩ ክዳን) ጋር ሊነካካ ምንም አይቀረውም። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል። እንግዲህ በዚህ ፍጥነት ላይ ካም ሻፍቱ ድንገት ሲቆም፣ ክፍት የቀሩት ቫልቮች ላይ ፒስተኑ ይመጣባቸዋል። ቫልቭ ይጣመማል። አንዳንዴ ካም ሻፍቱ ራሱ ይሰበራል። አንድ የጎማ ቁራጭ ነው ይህን ሁሉ የሚያመጣው።

ከገንዘቡ በላይ ግን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ሊማሊሞን የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ የሥራ ባልደረባችን ሰው ጭኖ ከደባርቅ ወደ ታች ሲወርድ ቺንጋው ተበጠሰ። ሞተሩ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ምክንያቱም የሚያግዘው ፖምፕ ቆሟል። ፍሬኑም ሞተሩ በሚሰጠው ቫኪዩም ነው የሚለሰልሰው፤ ጥቂት ጊዜ ከረገጥከው በኋላ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። እሱ ልምድ ያለው ሰው ስለሆነ ደጋግሞ አልረገጠም፣ አንዴ አጥብቆ ይዞ ወደ ተራራው በኩል አስጠግቶ አቆማት። እግዚአብሔር ይመስገን ሁሉም ሰው ወረደ። በገደሉ በኩል ቢሆንስ? ይሄን ሳስብ "እስኪበጠስ እንጠብቅ" የሚለው ምክር ያናድደኛል፣ እውነቴን ነው። ከኋላህ እናትና ልጅ ተቀምጠው የምትቆምርበት ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ኪሳራም ልንገርህ። መኪናዋ ተጭና ጎንደር ገባች። ቴስታታው ተፈታ፣ ቫልቮች ተጣመዋል፣ ካም ሻፍቱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ዕቃ ከአዲስ አበባ ታዘዘ፣ ቶርኖ ቤት ወረፋ ተያዘ። ይሄ ሁሉ የሆነው መቼ መሰለህ? ጥምቀት ሊደርስ ሲል። ከተማው በእንግዳ ሞልቶ፣ ፒያሳና አዘዞ መካከል መኪና ጠፍቶ፣ የጥር ሠርግ በላይ በላዩ እየመጣ፣ እሱ ግን ጋራዥ በር ላይ ቆሞ "ዛሬስ ያልቃል?" ይል ነበር። ሰው የጥገናውን ሂሳብ ብቻ ነው የሚያሰላው። የቆመችበትን ቀን፣ የረዳቱን ደመወዝ፣ የዕቁቡን ክፍያ አያሰላም። እነሱ ተደምረው ከጥገናው ሊበልጡ ይችላሉ።

አሁን "መቼ" የሚለው። የተለመደው 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። በብዙዎቹ የቶዮታ ናፍጣ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ "ቲ-ቤልት" የሚል መብራት አለ፣ ጊዜው ሲደርስ ይበራል። ግን መብራቱ ቺንጋውን አያየውም! የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ኪሎ ሜትሩ ተቀንሶ ከሆነ፣ ሽቦው ተነቅሎ ከነበረ፣ ወይም ከዚህ በፊት የነበረ ሰው ቺንጋውን ሳይቀይር መብራቱን ብቻ አጥፍቶ ከሆነ፣ ምንም አይነግርህም። አንተ ደግሞ መኪናዋን ከሰው ነው የገዛኸው። ሻጩ መቼ እንደተቀየረ በደረሰኝ ካላሳየህ፣ አልተቀየረም ብለህ ነው የምትነሳው። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ቢሆንም ዓመቱ አለ፤ ጎማ ቆሞም ያረጃል፣ ሙቀት ሲያገኘው ይደርቃል። በሞቃቱ የመተማ መስመር የሠራች መኪና ከሆነች ደግሞ የባሰ ነው።

ስትቀይር ቺንጋውን ብቻ እንዳትቀይር። ይሄን አስምርበት። የሚወጥረው ኩሽኔታ አብሮ ይቀየር፣ ከካም ሻፍቱና ከክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ፊት ያሉት፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዙት ኦይል ሲሎችም እንዲሁ። አዲስ ቺንጋ ላይ አሮጌ ኦይል ሲል ዘይት ካንጠባጠበበት ጎማው ይበላሻል፣ ያወጣኸው ብር ሁሉ ከንቱ ነው። ኩሽኔታው ተነክሶ መዞር ካቆመም አዲሱን ቺንጋ ይዞ ይሄዳል። የውኃ ፖምፑ በዚህ ሞተር ላይ በውጭው ቺንጋ ስለሚዞር አብሮ መቀየሩ ግዴታ አይደለም፣ ካልተነቃነቀና ካላፈሰሰ ተወው። እዚህ ጋ "ሁሉንም እንቀይረው" የሚል መካኒክ ካጋጠመህ ለምን እንደሆነ ጠይቀው።

ሌላው ፎርጅድ ዕቃ ነው። ካርቶኑ ኦሪጅናል ይመስላል፣ ውስጡ ሌላ ነው። ያልታወቀ አዲስ ቺንጋ ከማስገባት የታወቀውን አሮጌ ትቶ ጥቂት ሳምንት ጠብቆ ደህናውን ማስመጣት ይሻላል፤ እስከዚያ ግን ከተማ ውስጥ ሥራ፣ ዳገትና ቁልቁለት አትውጣ። ሲገጠምም የታይሚንግ ምልክቶቹ (ዘንጎቹ በቦታቸው መሆናቸውን የሚያሳዩት) በትክክል መግጠማቸውን ቆመህ እይ። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት በእጅ ሁለት ዙር ይዞርና ምልክቶቹ እንደገና ይታያሉ። አንድ ጥርስ ከሳተ ጥንቃቄ ብለህ የሠራኸው ሥራ ራሱ ችግር ይሆናል። "የሚሠራ ነገር አትንካ" የሚሉ ሰዎች ያላቸው እውነት ይቺ ናት። መጥፎ እጅ የነካው ካልተነካው ይብሳል። ለዚህ መልሱ ግን አለመንካት ሳይሆን ጥሩ እጅ መፈለግ ነው።

ኮሮላ ያላችሁ ደግሞ አትደንግጡ። የ90ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላ ላይ ያለው 4ኤ-ኤፍኢ ቺንጋው ቢበጠስ ፒስተንና ቫልቭ አይገናኙም። መንገድ ላይ ትቆማላችሁ፣ ተጎትታችሁ ቺንጋ ቀይራችሁ ትሄዳላችሁ። ቪትዝ ደግሞ ካቴና (የብረት ሰንሰለት) ነው፣ ቺንጋ የለውም። እሱ የሚፈልገው ዘይቱ በጊዜው እንዲቀየር ነው። ስለዚህ "እኔ እስኪበጠስ ነዳሁ፣ ምንም አልሆንኩም" የሚል ሰው ሲያጋጥምህ መጀመሪያ ሞተሩ ምን እንደሆነ ጠይቀው። የእሱ ሞተር ይቅር ብሎት ይሆናል፣ ያንተ ግን ይቅር አይልም።

ወደ ወንድምህ ልምጣ። ቦክስተር እ.ኤ.አ. በ1996 ነው የወጣው። ሞተሩ ውስጥ ካቴናዎቹን የሚያዞር መካከለኛ ዘንግ አለ፣ ያ ዘንግ በአንድ ጫፉ ላይ በታሸገ ኩሽኔታ ነው የቆመው። ኩሽኔታው ሲፈርስ ካቴናው ቦታውን ይስታል፣ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ውጤቱ ካንተ ቺንጋ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ሁለት ረድፍ ኳስ ያለው ኩሽኔታ ነበራቸው። ከ2000 አካባቢ ጀምሮ እስከ 2005 አንድ ረድፍ ብቻ ሆነ፣ ደካማው እሱ ነው፣ የወንድምህም እዚህ ውስጥ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ ባለቤቶቹ ፖርሽን ፍርድ ቤት ከሰውት ጉዳዩ በ2013 በስምምነት አልቋል። በዚያ ክስ የሚጠቀሰው የብልሽት ቁጥር ለአንድ ረድፉ ከመቶ ወደ 8፣ ለሁለት ረድፉ ከመቶ ወደ 1 ነው። ከ2005 በኋላ የመጣው ትልቁ ኩሽኔታ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ካልተፈታ አይወጣም፣ የእሱ ባለቤቶች ዝም ብለው ይነዳሉ። በ2009 ሞዴል ላይ ደግሞ ሞተሩ ተቀይሮ ዘንጉም ቀረ።

ከመቶ 8 ማለት 92ቱ ደህና ናቸው ማለት ነው። ለዚህ ነው ወንድምህ ነገ ጠዋት ጋራዥ ይሩጥ የማልለው። ያንተ ቺንጋ ግን ካልተቀየረ መበጠሱ አይቀርም፣ ጥያቄው ቀኑ ብቻ ነው። ልዩነታቸው ይሄ ነው። የእሱ ኩሽኔታ የምትገኘው ከፍሪሲዮኑ ጀርባ ነው። እዚያ ለመድረስ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ይወርዳል፣ ፍሪሲዮን ይፈታል፣ ትልቁ ወጪ የእጅ ነው። ፍሪሲዮኑ ሲያልቅ ያው መፈታቱ ስለማይቀር፣ ያኔ ኩሽኔታዋን አብሮ መቀየር ብልህነት ነው። ከዚያ በፊት ዘይት በቀየረ ቁጥር ፊልትሮውን ከፍቶ ይይ፣ የብረት ብናኝ አለ ወይ? ካለ መኪናዋን አያስነሳት። ብናኙ ሞተሩን ካዳረሰ በኋላ አዲስ ኩሽኔታ ብቻውን አያድነውም። ካልተገኘ በሰላም ይንዳት፣ ዘይቷን ቶሎ ቶሎ ይቀይር። ያንተ ቺንጋ የሌለው ዕድል ይሄ ነው፣ ኩሽኔታዋ ብዙ ጊዜ ምልክት ትተዋለች።

ስለ ጥንቃቄ ካነሳን አይቀር፣ ቴርሞስታት (የሞተሩን ውኃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን በር) አውልቆ መጣልን እዚህ ከተማ እንደ ጥንቃቄ የሚያዩት አሉ። እባካችሁ ተዉት። ሞተሩ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያልቃል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲሞቅ አቋራጩን መንገድ የሚዘጋው እሱ ስለሆነ፣ ሲወጣ ውኃው ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ይልቅ የራዲያተሩን ክዳን ተመልከት። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2100 ሜትር በላይ ነው፣ ክፍት ድስት ላይ ውኃ እዚህ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 0.9 የተጻፈበት ደህና ክዳን ግን ግፊቱን ይዞ ወደ 115 ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ይህን ሁሉ ያሳጣሃል፣ ዳገት ላይ ማፍላት ትጀምራለች፣ ቀጥሎ ጓርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) ይቃጠላል፣ ቀጥሎ ቴስታታው ይበላሻል። ርካሽ ዕቃ ነው፣ ትልቅ ነገር ይዞ ይሄዳል፣ ስለዚህ ሳይበላሽ ይቀየራል። ከቧንቧ ውኃ ይልቅም ኩላንት አድርግ፣ ዝገቱን ይከላከልልሃል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ደላሎቹ ይሄን ይዘው አሮጌውንም ዋጋ ሰቅለውታል። ያለን ሞተር እንግዲህ ለረጅም ጊዜ ነው የሚያገለግለን፣ ሞተር ቢበላሽ ሌላ እገዛለሁ የሚለው ስሌት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም።

መካኒክ ከፈለግህ ማራኪ አካባቢ ይህን ሞተር ደጋግሞ የፈታ፣ ሳይደብቅህ ፊትህ የሚሠራ ልጅ አውቃለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ዕቃውን ከመግዛትህ በፊት ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተር ቁጥርና ሞተሩ አካል ላይ የተመታውን አስተያይና ፎቶ አንሳቸው፤ 3ኤል ተቀይሮ ተገጥሞ 5ኤል ተብሎ የተሸጠ አይቻለሁ። ካርቶኑንም ሳትከፍተው ፎቶ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።