ያስጠላችሁን ሙዚቀኛ እንደገና ስለ መስማት

ውድ ልጆች፣

አንድን ሙዚቀኛ «አልወደውም» ስትሉ ፍርዳችሁን አልቃወምም። የምጠይቃችሁ ምኑን እንደማትወዱ ነው። ድምፁን? ቅጂውን? ምቱን? ግጥሙን? ወይስ ዘፈኑ ሲንቆረቆርበት ያደጋችሁበትን ቤትና ወቅት? «ያስጠላል» የምትለው ቃል ይህን ሁሉ ጠቅልላ ትይዛለች፤ መፍትሔው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ወረቀት አውጡና ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። «ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎኑን ያስጮኸዋል» ካላችሁ ሥራ የሚጀመርበት ነገር ይዛችኋል። «የድሮ ሰው ነው» ካላችሁ ግን ስለ ሙዚቃው ገና ምንም አላላችሁም፤ ደግማችሁ ስሙና ደግማችሁ ጻፉ።

መጀመሪያ የሚመረመረው ቅጂው ነው። በስልክ የምታገኙት የቆየ ዘፈን ብዙውን ጊዜ ከካሴት የተገለበጠ ነው፤ ካሴቱም ከሌላ ካሴት። በእያንዳንዱ ግልባጭ የ«ሽሽ» ድምፁ ይጨምራል፣ ቀጫጭኑ ድምፅ ይጠፋል፣ የዘፋኙ ቃል ይደበዝዛል። ማጫወቻው 6 በመቶ ያህል ከፈጠነ ደግሞ ዘፈኑ በሙሉ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፤ የጎልማሳው ጉሮሮ ይቀጥናል፣ እርጋታው ጥድፊያ ይሆናል። «ድምፁ ቀጭን ነው» ብላችሁ የተዋችሁት ዘፋኝ ጥፋቱ የካሴት ሞተር ሊሆን ይችላል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ያንኑ ቅጂ ከሁለት ቦታ ፈልጉና ርዝመታቸውን አስተያዩ። ሳይቆረጥ እያለ የ4 ደቂቃው ዘፈን 14 ሰከንድ ያህል ቀድሞ ካለቀ ፍጥነቱ ተበላሽቷል። ከዋናው ቴፕ ወይም ከሸክላ በጥንቃቄ የተገለበጠውን ምረጡ፤ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሥራ ለብዙዎቹ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዘፈኖች ጥሩ መነሻ ነው።

በስልክ ድምፅ ማጉያ ከሚጎዱት ሁሉ የባሰ የሚጎዳው በገና ነው። በገና አሥር የጅማት አውታሮች አሉት፤ አውታሩ በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፣ ያ የሚነዝር ድምፅ የሚወጣው ከእሷ ነው። የስልኳ ትንሽ ማጉያ የአውታሩን ወፍራም ድምፅ ማውጣት ስለማትችል ወደ ጆሯችሁ የሚደርሰው ንዝረቱ ብቻ ይሆናል። «ንብ የገባበት ጣሳ ይመስላል» የሚል ወጣት የሰማውን በትክክል ነው የተናገረው፤ በገናውን ግን አልሰማም። ጆሮን የሚሸፍን ማዳመጫ አድርጉ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጉ፣ ከመምህር ዓለሙ አጋ አንድ መዝሙር ምረጡ። እሳቸው ሲደረድሩ ከአሥሩ አውታር የሚመቱት ስድስቱን ነው፤ የቀሩት ጣት የሚያርፍባቸው ናቸው። ከመዝሙሩ በፊት ጣቶቹ ደጋግመው የሚሄዱበትን አጭር መንገድ ያዙ፣ ስንት ድምፅ እንዳለውም ቁጠሩ። ከዚያ ቃሉ ከሹክሹክታ ብዙም ሳይርቅ ሲገባ በዚያ መንገድ ላይ ሲሄድ ትሰሙታላችሁ። በገናን በዓቢይ ጾም ብቻ የሰማ ልጅ ደግሞ ከረሃብና ከቤቱ ዝምታ ጋር አስተሳስሮት ያድጋል። ለዚያ መድኃኒቱ ወቅቱን መለወጥ ነው፤ በጥቅምት ወር፣ ፀሐይ በገባበት ክፍል ስሙት። ለሌላ ሥራ ማጀቢያ ግን አታድርጉት፤ ጸሎት መሆኑን ማክበር የአሰማሙ አንድ ክፍል ነው።

ወደ ጌታቸው መኩሪያ እንመለስ፤ እሱ ብዙ የሚያስተምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በይፋት ተወልዶ በ2016 አረፈ። የጦረኛውን ሽለላ ወደ ሳክስፎን ያመጣ ሰው ነው። የምዕራቡ ጸሐፊዎች ከነጻ ጃዝ (ቋሚ ምትና ዜማ ከማይከተለው ጃዝ) ጋር ሲያመሳስሉት እናንተም በጃዝ ጆሮ ልትሰሙት ትሞክሩና ትደክማላችሁ፤ ምክንያቱም መነሻው ሌላ ነው። ሳክስፎኑን ለጊዜው አቆዩትና ሰው በአፉ የሚሸልለውን ሁለት ወይም ሦስት ቅጂ ስሙ። ሸላዩ ረጅም ጩኸት አውጥቶ ይጀምራል፣ ከፍ ባለ አንድ ድምፅ ላይ ቃላትን ያዘንባል፣ መጨረሻውን ይጎትታል፣ ከዚያ ይወርዳል። ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ። አሁን ሳክስፎኑን ክፈቱ። ጩኸቱ የመግቢያው ጩኸት ነው፤ የሚንተከተኩት አጫጭር ድምፆች የፉከራው ቃላት ናቸው፤ ሰፊው ንቅጥቃጤ የሸላዩ ጉሮሮ ነው። ከታች ከበሮው ስልቱን ጠብቆ ይሄዳል፣ እሱ ግን አይታዘዝለትም፤ ሸላይ መቼ ለከበሮ ታዝዞ ያውቃል? ተደጋግሞ የሚመጣ አዝማች እየጠበቃችሁ ከሆነ አትጠብቁ። የዜማው ሐረግ የት ተጀምሮ የት እንዳለቀ ብቻ ተከተሉ።

የሮክ ጊታር የለመደ ጆሮ ያላችሁ በተቃራኒው መንገድ ግቡ። ጌታቸው ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር የሠራው አልበም እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቷል፤ የጊታሩ ሻካራነት ከሳክስፎኑ ጋር ስለሚስማማ ጩኸቱ ብቸኛ አይሆንም። ከዚያ እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1972 ወዳወጣው ሸክላ ተመለሱ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ከሁለቱ አንዱን ብቻ ሰምተው ስለሚተዉ ነው።

ስለ ምት አንድ ነገር ልጨምር፣ የብዙ ቅሬታ ምንጭ ነውና። «ከበሮው ይደናቀፋል» የምትሉት ብዙውን ጊዜ ችክችካ የተባለውን የጭፈራ ምት በአራት ስለምትቆጥሩት ነው። እስከ ስድስት ቁጠሩ። በእግራችሁ 1ን እና 4ን ምቱ፤ በእጃችሁ 1ን፣ 3ን እና 5ን አጨብጭቡ። መጀመሪያ እግር ብቻ፣ ከዚያ እጅ ብቻ፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ፣ ሳይሳሳቱ ለአንድ ደቂቃ። ሁለትና ሦስት በአንድ ስድስት ውስጥ ጎን ለጎን ሲሄዱ ሰውነታችሁ ካወቀው በኋላ እስክስታው ለምን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ጭምር ይገባችኋል።

ይህ የጭብጨባ ልምምድ የማይሠራበት፣ እንዲያውም የሚያበላሽበት ቦታ አለ፤ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ። «ጊዜ አትጠብቅም፣ ትንገዳገዳለች» የሚሉ የሙዚቃ ተማሪዎች አሉ፤ ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) ከፍተው የሰሟት ናቸው። እማሆይ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረዋል፣ በካይሮ ከቫዮሊን መምህር አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ሠልጥነዋል፣ የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ወጣ፣ በ2023 በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም አረፉ። የምዕራቡን ጊዜ አቆጣጠር ሳይማሩ የቀሩ አልነበሩም። ግራ እጃቸው ብዙ ጊዜ ቫልስ የተባለውን በሦስት የሚቆጠር ጭፈራ እርምጃ የመሰለ ነገር ይይዛል፤ ቀኝ እጃቸው ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን ዜማ በትንፋሽ ይሄዳል፣ አንዱን ድምፅ ያቆየዋል፣ ሌሎቹን ያጣድፋቸዋል፣ በትናንሽ ጌጥ ይከባቸዋል። ስለዚህ እጃችሁንና እግራችሁን አሳርፉ። በመጀመሪያው ዙር ግራ እጁን ብቻ ተከተሉ። በሁለተኛው ከቀኝ እጁ ጋር አብራችሁ በአፍንጫችሁ አንጎራጉሩ፣ እሳቸው ሲያርፉ እናንተም ተንፍሱ። ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ከቀደማችኋቸው የት እንደሆነ ልብ በሉ፤ «መንገዳገድ» ያላችሁት እዚያ ነበር። ቀደም ሲል ቅዳሴና ማኅሌት እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ከሌላው ፈጥኖ ያገኘዋል።

«ድምፁ ይዋሻል» የሚለው ክስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቅኝት ጉዳይ ነው። ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል በተለያየ ደረጃ ለለመደ ጆሮ ቶሎ ይገባሉ። አንቺ ሆዬ ግን በኪቦርድ ሜጀር ለተቃኘ ጆሮ ይከብዳል። ከዶ ብትነሱ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል ፍላት እና ላ ናቸው። ሁለተኛው ከመነሻው በግማሽ ድምፅ ብቻ ይርቃል፣ አራተኛውም ከሦስተኛው እንዲሁ፤ ጆሯችሁ ሶልን ሲጠብቅ ዝቅ ያለው ይመጣበታል። በስልክ ኪቦርድ ላይ አምስቱን በዝግታ ወደ ላይ ወደ ታች ለ10 ደቂቃ ተጫወቱ፣ ዶን እያንጎራጎራችሁ። ለሦስት ቀን ይህን አድርጉና ዘፋኙን ስሙት። ያኔም ትንሽ ልዩነት ቢሰማችሁ አትደናገጡ፤ ክራርና ማሲንቆ በጆሮ ስለሚቃኙ ድምፆቻቸው ከኪቦርዱ ጋር ፍጹም ልክ እንዲሆኑ አይጠበቅም። ማሲንቆ ላይማ አውታሩ አንድ የፈረስ ጭራ ነው፣ ጣትም እንጨት ላይ አይጫነውም፤ ከድምፅ ወደ ድምፅ መንሸራተቱ የዚያ ውጤት ነው።

አዝማሪን የሚጠሉ ወጣቶች ዋና ችግራቸው ቃሉ ነው። ዜማው ይደጋገማል፣ ሆን ተብሎ፤ የሚለወጠው ስንኙ ነውና። ቃሉ ካልተሰማ የሚቀረው ድግግሞሹ ብቻ ስለሆነ መሰልቸታችሁ ትክክል ነው። አራት ስንኝ ያህል ጻፉና አንድ ታላቅ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡ። ከእያንዳንዱ ስንኝ ሁለት መንገድ የሚሄደውን ቃል ፈልጉ። «ይማር» ሲላላ ምሕረት ነው፣ ሲጠብቅ ትምህርት፤ በንግግር የሚለየው ይህ ልዩነት በዜማ ሲጎተት ይቀራረባል፣ አዝማሪውም የሚጫወተው እዚያ ላይ ነው። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ተወልዳችሁ አማርኛችሁ የሳሳ ከሆነ እናት ወይም አባታችሁ ስንኙን ያለ ዜማ፣ ቀስ ብለው እንዲያነቡላችሁ ለምኗቸው። ከዚያ ዘፈኑን ስሙት፤ ከዚህ በፊት አታድርጉት።

ስለ መጠኑ። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ፣ ሁለት ዙር፣ ለሦስት ሳምንት። ከዚያ 10 ቀን ዕረፍት። ሮበርት ዛየንስ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት ደጋግመን ያየነውን ነገር ወደ መውደድ እንደምናዘነብል አሳይቷል፤ ይህን የሰማ ሁሉ «ደጋግመህ ስማው» ይላል። ከመነሻው አጥብቀን በጠላነው ነገር ላይ ግን ባዶ ድግግሞሽ ጥላቻውን ሊያጠነክረው ይችላል። ለዚህ ነው በየዙሩ የምትፈልጉት አንድ የተለየ ነገር የሚያስፈልጋችሁ፤ ትንፋሹ፣ ግራ እጁ፣ ቃሉ። አንድን ሙሉ አልበም በአንድ ምሽት መጨረስ፣ ታክሲ ውስጥ መስማት፣ የመጀመሪያውን ግማሽ ደቂቃ መዝለል፣ ዘመናዊውን ድጋሚ ሥራ ቀድሞ ሰምቶ ዋናውን በሱ መመዘን ልምምዱን የሚያበላሹ ናቸው። የመጨረሻው በተለይ ክፉ ነው፤ ድጋሚ ሠሪው ያቃናው ነገር ብዙ ጊዜ የዋናው ነፍስ ነበር።

ከዕረፍቱ በኋላ ሥራውን አንድ ጊዜ ስሙና የመጀመሪያዋን ወረቀት ሳታዩ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ጻፉ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ያው ከሆነ ቀን ጻፉበትና አስቀምጡት፤ በግድ የሚወደድ የለም፣ ከዓመት በኋላ አውጡት። «ይጮሃል» የነበረው «እዚህ ጋ ለምን ትንፋሽ አልወሰደም?» ወደሚል ጥያቄ ከተለወጠ ግን በዚያው ሳምንት የሙዚቀኛውን ሁለት ሌሎች ሥራዎች ጨምሩ፣ አንዱ ከወጣትነቱ፣ አንዱ ከእርጅናው።