ወፍ ለሚስሉ፣ ስለ ወፍ ለሚጽፉ፦ የሪዚደንሲ ጥያቄና መልስ

ጥ፦ ጋሼ፣ ይሄ የአርቲስት ሪዚደንሲ የሚሉት ነገር ትምህርት ነው ወይስ ሽርሽር?

መ፦ ሁለቱም አይደለም። ማደሪያና ጊዜ ይሰጡሃል፣ ሥራው ያንተ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ብሔራዊ ፓርኮች አርቲስት ይጋብዛሉ፤ ቆይታው ባብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ነው። በምላሹ አንድ ሥራ ታበረክታለህ ወይም ለጎብኚዎች ስለ ሥራህ ታወራለህ። አብዛኞቹ ደሞዝ የላቸውም፣ ቀለብህንም ራስህ ትችላለህ።

ጥ፦ እኔ ገጣሚ ነኝ። ብሩሽ ይዤ አላውቅም።

መ፦ ምን ችግር አለው! ጸሐፊም ይጋበዛል። በሮኪ ማውንቴን ፓርክ አርቲስቶች የሚያርፉባት ጎጆ የጋዜጠኛው የዊልያም አለን ዋይት ነበረች።

ጥ፦ ኢንተርኔት አለ?

መ፦ እንደ ቦታው ነው። ሱፒሪየር ሐይቅ ላይ ባለችው አይል ሮያል ደሴት የአርቲስቶቹ ጎጆ መብራትም የቧንቧ ውሃም የላትም። ለኔ ይሄ ጥሩ ነው፤ ስልክ ካልጠፋ ወፍ አይታይም።

ጥ፦ አይቆጡኝና፣ ወፏን መሳላችን ለወፏ ምን ይፈይድላታል?

መ፦ ጥሩ ጠየቅሽ። ሜይን ግዛት ውስጥ ኢስተርን ኤግ ሮክ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ፓፊን የሚባለው የባሕር ወፍ በአደን ምክንያት ከዚያ ጠፍቶ ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. የወፍ ተመራማሪው ስቲቨን ክሬስ ከካናዳ ኒውፋውንድላንድ ጫጩቶች እያመጣ ደሴቷ ላይ ማሳደግ ጀመረ። ጫጩቶቹ አደጉና ባሕር ገቡ። ፓፊን ደግሞ ብቻውን መቀመጥ አይወድም፤ ጭር ያለ ድንጋይ ላይ አያርፍም። ስለዚህ ክሬስ ከእንጨት የተቀረጹና ቀለም የተቀቡ ፓፊኖች ድንጋዮቹ ላይ አቆመ። በ1977 እውነተኞቹ መጥተው ከእንጨቶቹ አጠገብ ቆሙ፤ በ1981 እንደገና እዚያው ፈለፈሉ። ቅርጹ ባይመስል ኖሮ ማን ይመጣ ነበር? በነገራችን ላይ ክሬስ ያስተምርባት የነበረችው፣ እዚያው ሜይን ያለችው ሆግ አይላንድ የምትባል ደሴት አርቲስቶችን ታስተናግዳለች።

ጥ፦ ማመልከቻው ላይ ምን ልጻፍ?

መ፦ «ተፈጥሮን እወዳለሁ» አትበል፤ ያልወደደ ማን ያመለክታል? የትኛውን ወፍ፣ ለምን እዚያ ቦታ፣ ምን ሲያደርግ ልታየው እንደፈለግህ ጻፍ።

ጥ፦ አዲስ አበባ ነኝ። የማሳየው የወፍ ሥራ የለኝም።

መ፦ ሐዋሳ ውረጂ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ላይ አባ ኮዳዎቹ ሰው አይፈሩም፤ የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቁ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ከነሱ የተሻለ ሞዴል በክፍያም አታገኚም። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ ከሄድሽ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡትን ትጨምሪያለሽ። ንድፎችሽን ሳታሳምሪ፣ እንዳሉ ላኪ፤ መራጮች የእጅሽን ፍጥነት ማየት ይፈልጋሉ። ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ግን ፓርኩ የውጭ ዜጋ ይቀበል እንደሆነ ጠይቂ፤ ሁሉም አይቀበልም። የግብዣ ደብዳቤም ቪዛ አይደለም።

ጥ፦ መቼ ነው መሄድ ያለብኝ?

መ፦ ወፉ ሲኖር ነዋ! ፓፊን ነሐሴ ሲያልቅ ባሕር ገብቷል።