የእድሩን መዝገብ ለምን ደበቅሽው?

«ጋሼ፣ ራሴን ሳስተዋውቅ ምን ብዬ ልጻፍ?» ብለሽ ከደሴ የላክሽልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። የኮምፒውተር ሳይንስ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ፤ ትኩረትሽ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ ለተግባር ልምምድ ማመልከቻ የሚሆን የአንድ ገጽ መግለጫም አያይዘሻል። የሚያስጨንቁሽን በተራ ጽፈሻል፦ ውጤትሽ፣ እንግሊዝኛሽ፣ የላፕቶፕሽ አቅም፣ የእናትሽና የወንድምሽ አለመስማማት። እኔን ብዕር ያስነሣችኝ ግን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ያለፍሻት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

«ክረምት በመጣ ቁጥር የእናቴን እድር መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ስለምገለብጥ፣ እንደ ጓደኞቼ ፕሮጀክት ለመሥራት ጊዜ አላገኘሁም» ትያለሽ። እናትሽ የእድሩ ጸሐፊ ናቸው። ሦስት የእጅ ጽሑፍ መዝገቦች ገልብጠሻል። ባለፈው ክረምት ባለቤታቸው ያረፉባቸው አንዲት እናት፣ የሟቹ ስም መዝገቡ ላይ «የለም» ተብሎ ገንዘቡን ሊከለከሉ ሲሉ፣ ስሙን በሌላ ፊደል ተጽፎ ያገኘሽው አንቺ ነሽ። ይህን ሁሉ በሁለት መስመር ነግረሽኝ ወደ ሌላ ጉዳይ ተሻገርሽ።

መግለጫሽ ውስጥ ይህ የለም። ያለው «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዓለምን እየለወጠ ያለ ዘርፍ በመሆኑ ከፍተኛ ፍቅር አለኝ፤ በትርፍ ጊዜዬ መጽሐፍ አነባለሁ፣ ሙዚቃ አዳምጣለሁ፣ መጓዝ እወዳለሁ» የሚል ነው። ከዚህ ገጽ ላይ ስምሽን ፍቀሽ የክፍል ጓደኛሽን ስም ብትጽፊበት አንድም ቃል መለወጥ አያስፈልግም። ማመልከቻ የሚያነብ ሰው በአንድ ጠዋት እንዲህ ያለ ገጽ ደጋግሞ ያያል፤ አይቶም ይረሳዋል። ሳነበው ተናድጃለሁ። የተናደድኩት በአንቺ ሳይሆን፣ ሰፈር ውስጥ የተሠራ ሥራ ከሥራ አይቆጠርም ብሎ ባሳደገሽ ልማድ ነው።

ለምን እንደሚቆረቁረኝ ልንገርሽ። እኔ ወደዚህ የምክር ሥራ የመጣሁት ከመዝገብ ቤት ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት 11 ዓመት ፋይል ሳወጣና ስመልስ ኖሬአለሁ። መሳቢያዎቹ በፊደል ተራ የተደረደሩ ነበሩ፤ ሀ በመጀመሪያው መሳቢያ፣ ሐ ከለ ቀጥሎ፣ ኀ ደግሞ ራቅ ብሎ ከቸ ቀጥሎ። አንድ ኃይሉ የሚባሉ አዛውንት ጡረታቸውን ለማስከበር መጥተው ፋይላቸው በሀ መሳቢያ ተፈልጎ ታጣ። ሰባት ወር ተመላለሱ። ፋይሉ የተከፈተው በኃ ነበርና እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከእኔ ወንበር ሁለት ሜትር በማይርቅ ቦታ ተቀምጦ ነበር። የፈለግሁት እኔ ነበርኩ፤ «የለም» ያልኳቸውም እኔ ነበርኩ። አንቺ በአንድ ክረምት ያደረግሽውን እኔ ያን ጊዜ ማድረግ አልቻልኩም።

ይህ ችግር ከሰፈር ያለፈ ነው። «ዓለምፀሐይ» የሚለውን ስም ውሰጂ። የመጀመሪያው ፊደል አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ ሊሆን ይችላል፤ ፀ በጸ ሊተካ ይችላል፤ ሐ ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ተብሎ ቢጻፍ አነባበቡ አይለወጥም። አራትን በሁለት፣ ውጤቱን ደግሞ በስድስት ስታባዢ 48 ይሆናል። ስሙን አንዱ አጣብቆ ሌላው ለያይቶ ሲጽፈው ደግሞ 96። አንዲት ሴት፣ 96 አጻጻፍ! የአባትና የአያት ስም ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አንቺው አስዪው። ባንኮች የደንበኞቻቸውን ሒሳብ ከፋይዳ መታወቂያ ጋር ሲያገናኙ፣ ሆስፒታል የቆየ ካርድ ሲፈልግ፣ ሁሉም የሚጋጩት ከዚሁ ጋር ነው። አንቺ ጊዜ አባከንኩበት ያልሽው ሥራ የትምህርትሽ እምብርት ነው።

ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ ፕሮጀክት ብለሽ ጥሪው፤ እንደ ፕሮጀክትም ጨርሺው። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ማምጣት፣ ማለትም ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መመለስ፣ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ምናልባት ሠርተሽው ይሆናል። (ለስም ይህ ብዙ ጉዳት የለውም። ለጽሑፍ ሲሆን ግን ሠረቀና ሰረቀ፣ የወጣችው ፀሐይና የሰረቀው ሌባ፣ አንድ ላይ ይቀላቀላሉና ተጠንቀቂ።) ከባዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በወሎ እድር ውስጥ መሐመድ፣ ሙሐመድና ሞሐመድ፣ እንድሪስና ኢድሪስ ጎን ለጎን ተጽፈው ታገኛለሽ፤ እነዚህን የፊደል ማስተካከያው አይነካቸውም። ሁለት ቃላት በስንት ፊደል እንደሚለያዩ የሚቆጥረውን ዘዴ ክፍል ውስጥ ተምረሻል። ነገር ግን ያ ዘዴ ይበልጥ የሚስማማው ተነባቢና አናባቢ ለየብቻ ለሚጻፍባቸው ቋንቋዎች ነው። በእኛ ፊደል መ ወደ ሙ ቢለወጥም፣ መ ወደ ተ ቢለወጥም ቆጠራው እኩል አንድ ነው፤ ለጆሮ ግን የመጀመሪያው ቅርብ፣ ሁለተኛው ሩቅ ነው። እያንዳንዱን ፊደል ወደ ተነባቢና አናባቢ ከፍለሽ ቁጠሪ፤ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያየሽውን ልዩነት መዝግቢ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ ቃለ መጠይቅ ብትገቢ ግማሽ ሰዓት የምታወሪው አለሽ።

ከዚያ ደግሞ ከማልና ጀማል አሉ። የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው፤ ሰዎቹ ግን ሁለት ናቸው። የአንዱን መዋጮ ለሌላው መጻፍ፣ አንድን ሰው በሁለት ስም ከማስቀመጥ ይከፋል። ስለዚህ ፕሮግራምሽ በራሱ ሥልጣን ማዋሐድ የለበትም፤ «እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም» ብሎ ለሰው ያቅርብ። መልሱን የሚያውቁት እናትሽ ናቸው። 200 ጥንድ ስሞች አትመሽ ስጫቸው፤ አጠገባቸው ተቀምጠሽ «አንድ ናቸው፣ አይደሉም» ያሰኙሽ። የፕሮግራምሽን መልስ ከእሳቸው መልስ ጋር አስተያዪና ስንቱን እንደሳተ በቁጥር ጻፊ። አንድ ነገር ግን ሳታደርጊ እንዳትጀምሪ፦ የእድሩን ሊቀ መንበርና ኮሚቴ አስፈቅጂ፤ የአባላቱን እውነተኛ ስም ማመልከቻሽም ላይ ሆነ ኢንተርኔት ላይ እንዳታወጪ። በ2016 ዓ.ም. የወጣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አለ፤ አንብቢው። አዋጁ ባይኖርም እነዚህ ሰዎች፣ ሰው ሲሞት ቀብረው፣ ሲያዝን ያስተዛዘኑ ጎረቤቶችሽ ናቸው።

መግለጫሽን እንዲህ ብለሽ ጀምሪ፦ «እናቴ የእድር ጸሐፊ ናት። ሦስት የእጅ ጽሑፍ መዝገቦችን ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ የአንድ ሰው ስም በተለያየ ፊደል መጻፉ ምን እንደሚያስከትል አየሁ።» ከዚያ የሠራሽውን፣ ከዚያ ያልተሳካልሽን። ያልተሳካውን አትደብቂ፤ የሚቀጥርሽ ሰው የሚፈልገው ስህተቷን የምታይ ልጅ ነው። ዓለም እየተለወጠ መሆኑን የሚናገረውን አንቀጽ አውጪው፤ አንባቢው ያውቀዋል። የትርፍ ጊዜሽን በተመለከተ፣ ሰው ጠይቆሽ አምስት ደቂቃ በፍላጎት የማታወሪበትን ሰርዢ። በደብዳቤሽ መጨረሻ ክራር እንደምትለማመጂ ጽፈሻል፤ ቅኝት ስታስተካክዪ ጆሮሽ ምን እንደሚፈልግ መናገር ከቻልሽ እሱ ይቆይ፣ «ሙዚቃ አዳምጣለሁ» የሚለው ይውጣ።

አሁን ወንድምሽ። ከሜሪላንድ ላፕቶፕ ገዝቶ ልኮልሻል፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ከምረቃ በኋላ ግን «ትንሽ ሥራ አትያዢ፣ ቤት ተቀምጠሽ የነጻ ትምህርት ዕድል ቅጽ ሙዪ» የሚለው ምክሩ ትክክል አይደለም፤ ለእሱም ቢሆን ይህንኑ እነግረዋለሁ። እናትሽ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ቤቱን እንደያዙ ጽፈሽልኛል። አንቺ ቤት የምትቀመጪበት ዓመት ወጪ የሚከፈለው ከሜሪላንድ ሳይሆን ከምድጃው ፊት ነው። ደግሞስ ሥራ ላይ ሆኖ ቅጽ መሙላት ማን ከለከለ? አንድ ዓመት በእውነተኛ ዳታ ላይ የሠራች አመልካች ባዶ ዓመት ይዛ ከቀረበችው ትሻላለች። እናትሽ «ባንክ ግቢ» ማለታቸውን ወንድምሽ ንቆታል፤ እኔ ግን በዚህ ከእሳቸው ጋር ነኝ። አንቺ ያየሽው የስም ችግር ባንክ ውስጥ በየቀኑ አለ፤ ችግሩን በእጇ የነካች ደግሞ እዚያ ታስፈልጋለች።

የቀሩት ጥያቄዎችሽ አጭር መልስ ይበቃቸዋል። ውጤትሽ 3.1 ነው፤ በር አይዘጋብሽም፣ አትፍሪው፣ የመውጫ ፈተናውን ግን በሚገባ ተዘጋጅተሽ ውሰጂ። ለዚህ ሥራ ያለሽ ላፕቶፕ ይበቃል፤ ጥቂት ሺህ ስሞች ለማስተያየት ውድ ማሽን አያስፈልግም። ከ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ያገኘሽውን የምስክር ወረቀት በአንድ መስመር ጥቀሺው፣ ከዚያ በላይ ቦታ አትስጪው። እንግሊዝኛሽ የሚሻሻለው ስለዚህ ፕሮጀክት ሁለት ገጽ በእንግሊዝኛ ስትጽፊና ስታርሚ ነው።

ሁለተኛውን ረቂቅ ላኪልኝ። አብረሽም፣ ፕሮግራምሽ አንድ ሰው ያደረጋቸውን ሁለት ሰዎች እናትሽ «አይደሉም» ሲሉሽ፣ ስማቸውን ሳትጠቅሺ፣ በምን እንደለዩአቸው ጠይቀሽ ጻፊልኝ።