ቀስቱን ከመቀየርህ በፊት ይሄን አንብብ

ወንድሜ "ጓሮዬ 20 ያርድ ላይ አንድም አልስትም፣ ጫካ ገብቼ ጥንቸሏ ስትቆምልኝ ግን እጄ ይንቀጠቀጥና እስታታለሁ፣ ቀስቱን ልቀይር ወይስ ሳይቱን (ማነጣጠሪያውን)?" ብለህ የጠየቅከውን ትናንት ማታ ዴንቨር ኤርፖርት የታክሲ ተራ እየጠበቅኩ አነበብኩት። ሳቄም መጣ ንዴቴም መጣ፣ እኔን ነው እኮ የጻፍከው። ከላይ ኮሜንት ላይ ሳይት ቀይር፣ ስታቢላይዘር (ቀስቱ እንዳይወዛወዝ የሚታሰር ዘንግ) ጨምር ያሉህን ለጊዜው ተዋቸው። እኔ እንደዛ እየተባልኩ ሁለት ሲዝንና ከ900 ዶላር በላይ አቃጥያለሁ።

የአደን ላይሰንሱን፣ ሃንተር ኤዱኬሽኑን (የአዳኝ ኮርሱን)፣ ሃቢታት ስታምፑን (አዳኝ ለዱር እንስሳት መኖሪያ የሚከፍለውን) ጨርሰሃል ብዬ ነው የማወራው። ደግሞ እኔ ጥንቸል አላድንም፣ እናቴ እኛ ጋ ነው ያለችው፣ ጥንቸል የገባበት ድስት ቤቷ አያድርም። የኔ ተራራ ላይ ያለችዋ ደስኪ ግራውስ ናት፣ የኛን ቆቅ ወፈር አድርገህ አስባት። እዚህ ኮሎራዶ ሴፕቴምበር 1 ይከፈታል፣ ፍልሰታ በተፈታ በአስረኛው ቀን ማለት ነው፣ በቀን 3 ይፈቀድልሃል። ችግሩ ግን ያው ነው።

1. ፓውንዱን፣ ማለትም ቀስቱን ለመሳብ የሚፈልገውን ጉልበት፣ ቀንስ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ የገዛሁበት ሱቅ ሰውዬው ከላይ እስከ ታች አየኝና 70 ፓውንድ ላይ የታሰረ ኮምፓውንድ (ጫፎቹ ላይ ጎማ መሳይ ፑሊ ያለው ቀስት) አቀበለኝ። ቀለል ያለ የለም ወይ ስለው "ለሚስትህ ነው?" ብሎ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ተሳሳቁብኝ። እኔም እልሄ ተነሳና ካርዴን አወጣሁ፣ ሞኝ። ሱቁ ውስጥ ቀስቱን ወደ ጣሪያ አንስቼ እየወዛወዝኩ ሳብኩት፣ ጎበዝ አለኝ። ጫካ ውስጥ ግን ወፏ ፊት እንደዛ ስትወዛወዝ ምን ብላ ትጠብቅሃለች? ብትጠብቅህስ፣ ስበህ ስትጨርስ ትከሻህ ልቀቀኝ ልቀቀኝ እያለህ እንዴት ነው ተረጋግተህ የምታነጣጥረው? ወንበር ላይ ተቀመጥ፣ ሁለት እግርህን ከመሬት አንሳ፣ ቀስቱን ታርጌቱ ላይ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ሳታነሳ ሳበው። ካልቻልክ ከብዶሃል። ሊምቦቹ (ስትስብ የሚታጠፉት የቀስቱ ክንዶች) ላይ ያሉትን ሁለት ብሎኖች በአለን ኪ እኩል እኩል ታላላቸዋለህ፣ አንድ ሙሉ ዙር 2 ፓውንድ ገደማ ይቀንሳል፣ የኔ በ5 ዙር 60 ገባ። ማንዋሉ ከሚለው በላይ እንዳታላላ ብቻ፣ ሳይትህንም እንደገና ማስተካከል ግድ ነው። ይሄ ሁሉ በነጻ ነው! ያ ሰውዬ ይሄን ሳይነግረኝ ነው ሳይት፣ ሪሊዝ (ገመዱን ይዞ የሚለቅልህ ባለ ትሪገር መያዣ)፣ ስታቢላይዘር እያለ ተራ በተራ የሸጠልኝ።

2. ቅርብ ርቀት ላይ ሞክር። ይሄን ማንም አይነግርህም። የመጀመሪያ ዓመት ከ9,000 ጫማ በላይ ወጥቼ (የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ ከፍታ ምን ያደርገኛል ብዬ፣ ለካ ስንት ዓመት ታክሲ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳንባዬ ተረስቷል) እያለከለክኩ ስደርስ አንዷ የወደቀ ግንድ ላይ ቆማለች፣ አምስት እርምጃ ብትሆን ነው። የ20ውን ፒን (ሳይቱ ላይ ለ20 ያርድ የተስተካከለችውን ነጥብ) ደረቷ ላይ አድርጌ ለቀቅኩት፣ በእግሯ ስር አለፈ። ደግሜ፣ አሁንም ስር። ሦስተኛውን ስሰካ ቡር ብላ ሄደች። እጄ ተንቀጥቅጦ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ራሴን ረግሜያለሁ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፣ አንተ የምታየው በዓይንህ ነው፣ ፍላጻው ግን የሚነሳው ከአገጭህ አካባቢ ነው፣ ካይንህ መስመር ጋር የሚገናኘው የተወሰነ ያርድ ከሄደ በኋላ ነው። 4 ያርድ ላይ ገና ስር ነው ያለው። ትልቅ ታርጌት ላይ አይታወቅህም፣ ወፍ ላይ ግን ያቺ ሦስት ኢንች መሳት ናት። እኔ አሁን 4 ያርድ ላይ በ40ው ፒን ነው የምመታው፣ ያንተ ሊለይ ይችላል፣ ከ3 እስከ 8 ያርድ እየቆምክ ሞክርና ቴፕ ላይ ጽፈህ ቀስቱ ላይ ለጥፈው።

3. የሪሊዙን ትሪገር አትምታው። ፒኑ ወፏን ነካ ሲያደርግ ጣትህ ራሱ ዘሎ ይመታዋል አይደል? ታርጌት ፓኒክ ይሉታል፣ አዲስ ሳይት አያድነውም። እኔ ሳይቱን ፈትቼ አስቀመጥኩ፣ ከታርጌቱ ሦስት እርምጃ ላይ ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሦስት ሳምንት ሙሉ እሱን ብቻ። በጣት ጫፍ ሳይሆን የጣትህን መሃል ትሪገሩ ላይ ጠምጥመህ ክርንህን ቀስ እያልክ ወደ ኋላ መጎተት ነው፣ መቼ እንደሚለቅ አንተም ማወቅ የለብህም። ባለቤቴ በመስኮት አይታኝ "ጸሎት ነው ወይስ ምንድነው?" ብላኛለች።

4 ላይ ስለ ልምምድ ልጽፍ ነበር ግን ባጭሩ፣ 60 ፍላጻ እየደረደርክ ጎበዝ ነኝ ማለት ይቅር። ጫካ ውስጥ ያለህ የመጀመሪያዋ ናት። እኔ ጠዋት ስራ ከመውጣቴ በፊት ደረጃውን ሁለቴ ሮጬ ወጥቼ ወርጄ፣ ጃኬቴን እንደለበስኩ፣ አንድ ፍላጻ ብቻ። ታርጌቱ በቡና ስኒ አፍ የተሰመረ ክብ ነው። ከሳትኩ እስከ ነገ ንዴቴን ይዤ እሄዳለሁ።

አምና ሴፕቴምበር ከጓደኛዬ ጋር ወጣን። አንዷ ከእግራችን ስር ተነስታ ያ የክንፏ ድምጽ ልቤን አፌ አካባቢ አደረሰውና 11 ያርድ ላይ ዝቅ ያለ የጥድ ቅርንጫፍ ላይ አረፈች፣ ከኋላዋ ወደ ላይ የሚወጣ ዳገት ነው። ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ እየቀረጸ በሹክሹክታ በለው! በለው! በለው! ሳብኩት፣ ፒኑ እየዞረ አልቆምልህ አለኝ። ድሮ ቢሆን እለቀው ነበር። መልሼ አላላሁት። ጓደኛዬ አበደ። ወፏ ግን አንገቷን አስግጋ ታየናለች፣ እዚህ አገር ሰዎች እኮ ቂል ዶሮ ነው የሚሏት፣ ጊዜ አለህ። ሁለቴ ተነፈስኩ፣ ወፏን ማየት ትቼ ክንፏ ስር ያለች አንዲት ፈዘዝ ያለች ላባ መረጥኩ፣ ሳብኩ፣ ክርኔን ጎተትኩ፣ ሲለቅ ራሴ ደነገጥኩ። ቪዲዮው አለ፣ ኢንቦክስ እልክልሃለሁ፣ እኔ ሳልሆን እሱ ነው የሚንቀጠቀጠው።

አዎ ደግሞ ዛፍ ላይ ላለች ወፍ የኤልክ (የትልቁ አጋዘን) ብሮድሄድ፣ ስለታም ጫፍ ያለውን ፍላጻ፣ ወደ ላይ አትተኩስ፣ የት እንደሚወርድ አታውቅም፣ እኔ በ18 ዶላር ሒሳብ አራት ፍላጻ እንደዛ ጠፍቶብኛል፣ ደግነቱ ሰው አላገኘም። ትልልቅ ላባ ያለው ፍሉፍሉ የሚባል ፍላጻ ግዛ፣ ሩቅ አይሄድም። መሬት ላይ ላለች ጁዶ ፖይንት የሚባለውን ባለ ሽቦ የፍላጻ ጫፍ፣ ሽቦዎቹ ሳሩን ስለሚይዙት ፍላጻው አይጠፋብህም።

እናቴ ላባውን እየነጨች "ማን ባርኮ ነው የጣላት?" አለችኝ፣ እስካሁን መልስ የለኝም፣ ወጡን ግን ሰርታዋለች፣ ራሷ አልቀመሰችም።

አንተ ስንት ፓውንድ ላይ ነው ያለኸው? የምትለቀውስ በሪሊዝ ነው በጣት? በጣት ከሆነ 3 ላይ ያልኩህ ትንሽ ይለያል፣ ጻፍልኝ።